የአምቡላንስ ቢል መጥቶልሽ መሳቢያ ውስጥ እንዳትከቺው

እህቴ፣ ጥያቄሽን አይቼ ማለፍ አቃተኝ። «ኪንግ ካውንቲ (ሲያትል አካባቢ) ቤት ገዝተናል፤ ፕሮፐርቲ ታክሱ ላይ ኢኤምኤስ (የድንገተኛ ሕክምና) እየተባለ ይቆረጥብናል። ታዲያ ባለቤቴን ለወሰደው አምቡላንስ ቢል የመጣብን ለምንድን ነው?» ብለሻል። እኔም ይህንኑ ጠይቄ ነበር። ችግሩ የጠየቅኩት ራሴን ነው፤ መልሱንም ራሴው ሰጠሁት።

1. ታክሱና አምቡላንሱ ለየቅል ናቸው። ያ ገንዘብ 911 ስትደውዪ በደቂቃዎች ውስጥ ለሚደርሱት ለፋየር ዲፓርትመንትና ለሜዲክ ዋን (ለፓራሜዲክ አገልግሎቱ) ሰዎች ነው። ሲያትል ሜዲክ ዋንን የጀመረችው በ1970 ነው፤ ካውንቲው በሙሉ በሌቪ (ሕዝብ ድምፅ ሰጥቶ በሚያጸድቀው የቤት ታክስ) መክፈል የጀመረው ደግሞ በ1979። ለ2026 የጸደቀው ከቤትሽ ግምት በየ1,000 ዶላሩ 25 ሳንቲም ነው። ቤትሽ 700,000 ከተገመተ በዓመት 175 ዶላር መሆኑ ነው። ሞርጌጅ ካለሽ በኤስክሮ (ባንኩ ከወርሃዊ ክፍያሽ ላይ ይዞ በሚከፍለው) ስለሚሄድ ሲወጣ እንኳ አታዪውም። እኔ አልቆጭበትም። በ2025 ኖቬምበር ድምፅ ስንሰጥም «አዎ» ነው ያልኩት፤ ምክንያቱን አሁን እነግርሻለሁ።

2. ማን እንደወሰደው እዪ። ባለቤቴ ቅዳሜ ማታ ቡና እያፈላች «ደረቴን» አለችኝ። ጀበናው ከእጇ ወደቀ። ደወልኩ። ረከቦቱን ሳላነሳ ቀይ መኪናው በር ላይ ነበር። ስድስት ሰው ሳሎናችን ገባ፤ ልቧን በማሽን አዩ፣ እኔንም አረጋጉኝ። «ለሕይወቷ አያሰጋትም፣ ግን ሆስፒታል ትታይ» አሉና የግል አምቡላንስ ጠሩ። እነሱ ሄዱ። ለነሱ እስከ ዛሬ አንድ ሳንቲም አልተጠየቅኩም። ቢሉን የላከው የግሉ ነው፤ 1,300 ዶላር።

3. እዚህ ላይ ነው ጉዴ። «ታክስ ከፍያለሁ፣ ተሳስተው ነው» ብዬ መሳቢያ ውስጥ ወረወርኩት። ሁለተኛው መጣ፣ ሦስተኛውም። ሁሉም ላይ በትንሹ «ኢንሹራንስ የለም» ይል ነበር። እንዴት የለም? ካርዷን ለሆስፒታሉ ሰጥቻለሁ እኮ! የአምቡላንሱ ልጆች ግን ስሟንና ልደቷን ብቻ ጽፈው ነው የሄዱት። ሆስፒታሉ ያለው ካርድ እነሱ ጋ አልደረሰም። ኮሌክሽን (የዕዳ ሰብሳቢ ደብዳቤ) ሲመጣ ገባኝ።

ለአምቡላንሱ ድርጅት ስደውል ያነሳችው ሴትዮ ስሜን ፊደል በፊደል አራት ጊዜ አስቆጠረችኝ። ከዚያ «ይኼ የኛ ጉዳይ አይደለም» ብላ ጆሮዬ ላይ ዘጋችው። አስተርጓሚ ብጠይቅ ሳትተነፍስ ነው የዘጋችው። አሥራ ሰባት ዓመት እዚህ አገር ኖሬ እንደዚያ ቀን ያነስኩበት ጊዜ የለም። ኢንሹራንሱ ደግሞ በተራው «የማስገቢያ ጊዜው አልፏል» አለኝ።

ጓደኞቼ «ከፍለህ ተገላገል» አሉኝ። እምቢ አልኩ። ሆስፒታል ሄጄ ካርዷ በዚያው ሌሊት እንደተመዘገበ የሚያሳየውን ወረቀት አወጣሁ። ከዚያ ለኢንሹራንሱ በጽሑፍ ይግባኝ አልኩ። እንግሊዝኛዬ ለጉድ ነው፤ ግን ተቀበሉኝ። መጨረሻ የከፈልኩት 150 ብቻ ነው። አምስት ወርና ጸጉሬ ሄዷል እንጂ።

ያንቺም ባለቤት ኢንሹራንስ እንደኛ በሥራ በኩል እንደሆነ እገምታለሁ። እንደዚያ ከሆነ ዛሬውኑ ደውለሽ የካርዱን ቁጥር ስጫቸው፤ የሰጠሽበትን ቀንና የሰማሽን ሰው ስም ጻፊ። በዚያ ላይ ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ ዋሽንግተን ውስጥ ኢንሹራንሱ ከከፈለ በኋላ አምቡላንሱ የቀረውን ልዩነት ካንቺ እንዳይጠይቅ ተከልክሏል። አሠሪው ኩባንያ ራሱ ከኪሱ የሚከፍልበት ኢንሹራንስ ከሆነ ግን በፈቃዱ ካልገባበት ሕጉ አይሸፍነውም። የሥራ ቦታውን ኤችአር (የሠራተኛ ጉዳይ ክፍል) ጠይቁ። እኔን ካቃጠለኝ በኋላ ነው ሕጉ የወጣው፤ ዕድሌ ነዋ።

ለመሆኑ ያንቺ ቢል ላይ ኢንሹራንስ የሚለው ቦታ ምን ይላል? አይተሽ ጻፊልኝ።