የባጋስ ከሰል ሜርኩሪን ለምን አሳለፈ?

ጥያቄውን ላላያችሁት፦ አዳማ ላይ ኬሚካል ምህንድስና ለሁለተኛ ዲግሪ የሚማር ወንድማችን ከወንጂ ባመጣው ባጋስ (ተጨምቆ የቀረ የሸንኮራ አገዳ)፣ በፎስፎሪክ አሲድ አክቲቬትድ ካርቦን፣ ማለትም በጥቃቅን ቀዳዳ የተሞላ ከሰል ሠርቷል። የውስጥ ገጹ ስፋት በግራም ከ900 ካሬ ሜትር ይበልጣል፤ የሜቲሊን ብሉን ቀለምም ከውኃ ጠርጎ ያወጣል። ለሲሚንቶ ፋብሪካ ጭስ አስቦት በ150 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሜርኩሪ ትነት ሲያሳልፍበት ግን ብዙም አልያዘለትም። ስፋቱን በምን ልጨምር ይላል።

ወንድሜ፣ ስፋቱስ ይበቃሃል። ላቦራቶሪ ውስጥ ከሰል ስሠራ የኖርኩ ሰው ነኝና ተማሪዎች ይህን ቁጥር ሲያሳድዱ ማየት ሰልችቶኛል። ሜርኩሪ በጭስ ውስጥ በሦስት መልክ ይገኛል፦ ንጥር (ከሌላ ነገር ጋር ያልተዋሐደ) ትነት፣ እንደ ሜርኩሪ ክሎራይድ ያለ ውሁድ፣ እና ከአቧራ ጋር የተጣበቀ። የመጨረሻውን የአቧራ ማጣሪያው ይይዘዋል፤ ውሁዱም በውኃ ስለሚሟማ በጭስ እጥበት ይወርዳል። የሚያስቸግረው ንጥሩ ነው። በ150 ዲግሪ ባዶ ከሰል ላይ ቢያርፍ እንኳ ሙቀቱ መልሶ ያነሣዋል። እንዲቀር ከፈለግህ ገጹ ላይ የሚዋሐደው ነገር አስቀምጥለት፦ ሰልፈር፣ ክሎሪን ወይም ብሮሚን።

ሰልፈር ርካሽ ነው፤ አገባቡ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ብዙዎች አቅልጠው በ200 ዲግሪ አካባቢ ያስገቡታል፤ ያን ጊዜ ስምንት አቶም ያለው ቀለበት እንደሆነ ይቀርና ቀዳዳውን ይደፍናል። በናይትሮጅን ውስጥ በ600 ዲግሪ ሲሠራ ቀለበቱ ወደ አጫጭር ሰንሰለት ይሰባበራል፣ ከካርቦኑም ጋር ይተሳሰራል። ያንተ ከሰል በ500 ዲግሪ አካባቢ የተሠራ ከሆነ 600 ላይ ክብደቱ ራሱ ይቀንሳል፤ ያለ ሰልፈር አንድ ናሙና በተመሳሳይ መንገድ አሙቀህ ካልመዘንህ፣ የገባውን የሰልፈር መጠን በክብደት ልታሰላው አትችልም። የሚወጣውን ጋዝ በኮስቲክ ሶዳ ውስጥ አሳልፈው፤ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ሊኖርበት ስለሚችል ያለ ጭስ መሳቢያ አትሞክረው።

ለአንተ ዓላማ ግን እኔ ብሮሚንን እመርጣለሁ። ወደ ጭሱ የሚረጭ የከሰል ዱቄት ማጣሪያው እስኪደርስ ያለው ጊዜ ጥቂት ሰከንድ ብቻ ነው፤ ሰልፈር ያለበት ከሰል ይበልጥ የሚስማማው ጋዙ ረግቶ ለሚያልፍበት ቋሚ አልጋ፣ ማለትም ባለበት ለተቀመጠ የከሰል ንጣፍ ነው። ከሰሉን በአሞኒየም ብሮማይድ ሙሙት (ውኃ ውስጥ በሟሟ) ዘፍዝፈህ በ105 ዲግሪ አድርቀው፤ ከክብደቱ ጥቂት በመቶ ይበቃል።

አሁን ወደ ፍተሻው፤ ከሁሉ በላይ የምጨቀጭቅህ እዚህ ላይ ነው። ብሮሚን ያለበት ከሰል ሜርኩሪውን ሳይይዘው ወደ ውሁድ ቀይሮ ሊለቀው ይችላል። መሣሪያህ ንጥሩን ብቻ የሚያይ ከሆነ መቶ በመቶ ያዘ ብሎ ያታልልሃል። ስለዚህ መውጫው ላይ መጀመሪያ የፖታሲየም ክሎራይድ ሙሙት አድርግ፣ ውሁዱ እዚያ ይቀራል፤ ከኋላው አሲድ የገባበት ፖታሲየም ፐርማንጋኔት ንጥሩን ይይዛል። ሁለቱንም ለየብቻ ለካ። ቱቦህ ቴፍሎን ይሁን፤ መዳብና ሜርኩሪ ይዋሐዳሉ። በናይትሮጅን ብቻ የተገኘ ውጤትም ለፋብሪካ አይሆንም፤ የውኃ እንፋሎትና ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ጨምርበት።

ሌላው፣ አዳማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ያህል ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ በ18 በመቶ ገደማ ያንሳል። የጋዝ ፍሰትህን ወደ መደበኛ ሜትር ኩብ (በተወሰነ ሙቀትና ግፊት ወደሚሰላ መጠን) ካልለወጥህ ውጤትህን ከሌላ አገር ጽሑፍ ጋር ማነጻጸር ዋጋ የለውም።

ስለ ባጋሱ አንድ ነገር ልበል። ጽሑፍህ ውስጥ “ነጻ ቆሻሻ” ብለኸዋል፤ ስኳር ፋብሪካ ቦይለሩን የሚያነደው በእርሱ ነው። የበቆሎ ቆረቆንዳ ብታወዳድርበት ደስ ይለኛል።

ሲሚንቶን በተመለከተ ደግሞ፣ ከማጣሪያው የሚወርደው አቧራ ብዙ ጊዜ ወደ ምድጃው ይመለሳል። ከሰልህ ከእርሱ ጋር ከተመለሰ የያዘው ሜርኩሪ እንደገና ይተናል፤ ጥሬ ዕቃ ፈጪው ወፍጮ በቆመ ሰዓት ደግሞ በጭስ ማውጫው የሚወጣው ይጨምራል። ከዋናው ማጣሪያ በኋላ ለከሰሉ የራሱን የጨርቅ ማጣሪያ ማቆም፣ ወይም ከአቧራው ጥቂቱን ከዑደቱ ማስወጣት ያስፈልጋል። ፋብሪካው የትኛውን እንደሚችል ጠይቀህ ጻፍልን፤ የብሮሚኑ መጠን የሚወሰነው ከዚያ በኋላ ነው።