ሳሎኑን ከመቀባትዎ በፊት አምፖሉን ይዩ

ጥያቄ፦ «ለኮንዶሚኒየሜ ሳሎን ሁለት ዓይነት ኦፍ ዋይት ገዛሁ። ሱቅ ውስጥ አንድ ይመስሉ ነበር። ግድግዳው ላይ ትንሽ ትንሽ ስሞክራቸው አንዱ ቀን ቀን ግራጫ፣ ሌላው ማታ ቅቤ መሰለ። ከሥር ያለው አሮጌ አረንጓዴ ዘይት ቀለም ነው። የቱን ልቀባ?»

እህቴ፣ እኔ ቀለሙን ሳይሆን አምፖልዎን ነው የጠረጠርኩት። ቢጫው ዓይነት ነው ብዬ ብወራረድ የምሸነፍ አይመስለኝም።

ኦፍ ዋይት ነጭ ላይ ጠብታ ቀለም የገባበት ነው። በአንዱ ቢጫ፣ በሌላው ጥቁር ገብቷል። ጠብታዋ ትንሽ ስለሆነች ብርሃን ካላገዛት አትታይም። ካርቶኑ ላይ 3000 ኬ (ኬልቪን፣ የብርሃን ቀለም መለኪያ) የሚል አምፖል ሰማያዊ ብርሃኑ ጥቂት ነው፤ ቢጫውን ግድግዳ ቅቤ ያደርገዋል። 6500 ኬ ደግሞ ወደ ሰማያዊ ያደላል፤ ጥቁር ያለበትን የክሊኒክ ኮሪደር ያስመስለዋል። ግድግዳዎቹም ፊት ለፊት ሲተያዩ አንዱ የሌላውን ቀለም ያጎላል። ወለሉም እንዲሁ ነው። አንድ ደንበኛዬ «ሮዝ ቀባህብኝ» ብሎ ሦስት ቀን አኮረፈኝ። ቀዩን ምንጣፍ ስንጠቀልለው ሮዙ ጠፋ።

አረንጓዴ ላይ የተሞከረ ናሙና ዋጋ የለውም። 50 በ50 ሴንቲሜትር ነጭ ካርቶን ላይ፣ ዳር ዳሩን ነጭ ትተው፣ ሁለት እጅ ይቀቡ። ይድረቅ፤ እርጥቡ ያታልላል። ከዚያ ጠዋትና ማታ የተለያየ ግድግዳ ላይ አስደግፈው ይዩት።

አሁን ትልቁ ነገር። አረንጓዴውን በደረቁ እንዳይፍቁ! አሮጌ ዘይት ቀለም ሊድ (እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት) ሊኖረው ይችላል፤ ብናኙ ልጆችን ይመርዛል። እያረጠቡ በብርጭቆ ወረቀት ይሹት። ልጆችና ነፍሰ ጡር ከቤት ይውጡ። ወለሉን በእርጥብ ጨርቅ ይወልውሉ እንጂ በመጥረጊያ አይጥረጉ።

ከዚያ ፕራይመር፣ ማለትም አዲሱ ቀለም እንዲይዝ መጀመሪያ የሚቀባው። ይህን ዘለው ዘይት ቀለም ላይ ፕላስቲክ ቀለም የሚለቀልቁ ቀቢዎች አሉ፤ በዓመቱ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ሲነሳ የምጠራው እኔ ነኝ። ውሃ የበዛበት ርካሽ ጋሎንም አይግዙ፤ ሦስት እጅ ጠጥቶም አይሸፍንም።

ሳሎኑን የምትጠቀሙት ማታ ማታ ከሆነና ቢጫ አምፖሉን ከወደዱት፣ ግራጫ የመሰለዎትን ይቀቡ። አምፖሉ ነጭ ከሆነ ቅቤውን። ጋሎኖቹን በሙሉ አንድ ትልቅ ባልዲ ውስጥ ደባልቀው ይጀምሩ፤ የሱቁ ልጅ በዓይኑ ገምቶ የበጠበጠውን ዳግም አያገኙትም። የብርጭቆ ወረቀቱን ሲያነሱ ግን ውሃው ከጎንዎ ይሁን።