ደስታ ካልተሰማኝ እምነቴ ሐሰት ነውን?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ጸሎቴንም ጾሜንም አላጓደልኩም። ነገር ግን ሌሎች ሲጸልዩ እንባቸው ይፈስሳል፣ ፊታቸው ይበራል፤ የእኔ ልብ ደርቋል። ቅዱስ ጴጥሮስ «ሳታዩት ትወዱታላችሁ … በማይነገርና ክብር በሞላበት ሐሤት ደስ ይላችኋል» ያለውን ሳነብ የተፈረደብኝ ይመስለኛል። ይህ ደስታ እስኪመጣልኝ ከቅዱስ ቁርባን ልራቅ?

መልስ፦ እኅቴ፣ አትራቂ። ለምን እንደ ሆነ እመለስበታለሁ።

ብዙዎች ይህን ቃል (1ኛ ጴጥ. 1) የሚያነቡት ከቁጥር 8 ነው። ሁለት ቁጥር ወደ ላይ ብትወጪ ሐዋርያው ለእነዚያው ሰዎች «እጅግ ደስ ይላችኋል» ብሎ ሳይጨርስ በልዩ ልዩ ፈተና «አዝናችኋል» ይላቸዋል። በጳንጦስ፣ በገላትያ፣ በቀጰዶቅያ፣ በእስያና በቢታንያ የተበተኑ መጻተኞች ናቸው፤ ኀዘናቸውን አልነቀፈም። የደስታቸውንም ምክንያት በቁጥር 3 እና 4 አስቀምጦታል፦ የክርስቶስ ትንሣኤና በሰማይ የተጠበቀ ርስት። ዛሬ ልብሽ ቢደርቅ ያ ርስት አይጎድልም፤ ነገ ብታለቅሺም አይጨምርም።

ደጋግሞ የሚያጋጥመኝ ስሕተት ይኸው ነው፦ ሰው ዓይኑን ከክርስቶስ ላይ አንሥቶ የገዛ ልቡን ይጠብቃል። ጸልዮ ሳይነሣ «ምን ተሰማኝ?» ይላል። ካልተሰማው እንባ እስኪመጣ ጸሎቱን ያስረዝማል፤ ከመጣለት ደግሞ በእንባው ይደሰታል። ድስቱን በየደቂቃው እየከፈተ አልበስል አለኝ እንደሚል ሰው ነው። ጌታ እኮ አጋንንት የተገዙላቸውን ደቀ መዛሙርት እንኳ በዓይናቸው ባዩት ነገር ሳይሆን ስማቸው በሰማያት ስለ ተጻፈ ደስ ይበላችሁ አላቸው (ሉቃ. 10፥20)።

ስለዚህ በደረቅ ቀን የጸሎትሽን ልክ አትለውጪ፤ አታሳጥሪ፣ ለስሜት ብለሽም አታስረዝሚ። መጀመሪያ ጌታ ስላደረገልሽ በቃል አመስግኚ፤ ሥጋ መልበሱን፣ መሰቀሉን፣ መነሣቱን፣ ዳግም መምጣቱን በየተራ ጥሪ። ቀጥሎ መዝሙር 41 (42)ን ድምፅሽን አሰምተሽ አንብቢ። ዘማሪው «ነፍሴ ሆይ፥ ለምን ታዝኛለሽ?» የሚለውን እዚያ ሁለት ጊዜ፣ በሚቀጥለው መዝሙር ደግሞ አንድ ጊዜ ይጠይቃል። በመጀመሪያው ነፍሱ አልተጽናናችም፤ እርሱ ግን መናገሩን አልተወም። ስትጨርሺ ተነሺና ወደ ሥራሽ ሂጂ፤ ልብሽን አትመርምሪ።

የምታውቂው ያልተናዘዝሽው ኃጢአት ወይም ያልታረቅሽው ሰው ካለ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ዛሬውኑ ጀምሪ። ከሌለ ደግሞ ድርቀቱን ለማስረዳት ብለሽ ኃጢአት አትፍጠሪ። ይህም ራሱን የቻለ ወጥመድ ነው።

ወደ ቁርባኑ ልመለስ። ቶማስ «ካላየሁ አላምንም» ካለ ከስምንት ቀን በኋላ የት ተገኘ? ከወንድሞቹ ጋር፣ በዚያው ቤት (ዮሐ. 20፥26)። እስካምን ብሎ ውጭ አልቆየም፤ እነርሱም አላስወጡትም። ጌታን ያገኘው እዚያ ነው። አንቺ ደግሞ የምታምኚ ሆነሽ ስሜትን ብቻ ስትጠብቂ ልትርቂ ነው?

አንድ ነገር ልጨምር። እንቅልፍና የምግብ ፍላጎት ጠፍቶ ሳምንታት ካለፉ ሐኪም ዘንድ ሂጂ። ኤልያስ ሞቱን በለመነ ጊዜ መልአኩ አልገሠጸውም፤ እንጎቻና ውኃ አቀረበለት፣ በልቶም ተኛ፣ ሁለተኛም ቀስቅሶ አበላው (1ኛ ነገ. 19)። እግዚአብሔር በኮሬብ ያነጋገረው ከዚያ በኋላ ነው።