ሳልደርስ ሳኩራው ይረግፍብኝ ይሆን?

ጥያቄ፦ ለሥልጠና ኤፕሪል 4 ቀን ቶኪዮ ገብቼ ዐሥር ቀን እቆያለሁ። ሳኩራ የሚሉትን የጃፓን ቼሪ አበባ የማየት ምኞት ከልጅነቴ ጀምሮ ነበረኝ፤ አገሩን የሚያውቅ ወዳጄ ግን «እስክትደርስ ረግፎ ያልቃል» አለኝ። በዚያ ላይ አስተናጋጆቼ «ሃናሚ» ወደተባለው የአበባ ማያ ግብዣቸው ጠርተውኛል። በእርግጥ ያመልጠኛል? በግብዣውስ ላይ ምን ዐይነት ሥርዐት ልጠብቅ?

መልስ፦ ወዳጅዎ ከእውነቱ ብዙም አልራቁም፤ ሆኖም የነገሩዎት ለሐዘን የሚያበቃ አይደለም። በቶኪዮ አበባው አብዛኛውን ጊዜ በማርች የመጨረሻ ሳምንታት መፈንዳት ይጀምራል። ቀኑም በግምት አይነገርም፤ የጃፓን የሜትዮሮሎጂ ኤጀንሲ በየከተማው ለናሙና የመረጣቸው ዛፎች ስላሉት፣ የቶኪዮው በቆመበት በያሱኩኒ መቅደስ ግቢ ባለሙያ ሄዶ አምስት ወይም ስድስት አበባ ተከፍቶ ሲያገኝ «ፈነዳ» ተብሎ ይታወጃል። ከእንቡጦቹ 80 በመቶ ያህሉ ሲከፈቱ ደግሞ ሙሉ ፍካት ይባላል፤ በሁለቱ መካከል አንድ ሳምንት ገደማ አለ። ከዚያ በኋላ ያለው ዕድሜ በነፋስና በዝናብ እጅ ነው።

ከተማው በአንድ ጊዜ ነጭ ለብሶ በአንድ ጊዜ የሚራቆተው፣ አብዛኞቹ ዛፎች «ሶሜይ ዮሺኖ» የተባለ አንድ ዝርያ በመሆናቸው ነው። ይህ ዝርያ ቅርንጫፉ እየተቆረጠ በሌላ ግንድ ላይ እየተቀጠለ ስለሚባዛ፣ ዛፎቹ ሁሉ የአንድ ዛፍ ቅጂዎች ናቸው ማለት ይቻላል። እንግዲህ ለእርስዎ የሚበጀው ዝርያው የተቀላቀለበትን ቦታ መምረጥ ነው፤ በሺንጁኩ ግዮኤን የአትክልት ስፍራ ዘግይተው የሚያብቡ፣ የአበባ ቅጠላቸው የተደራረበ ሳኩራዎች እስከ ኤፕሪል አጋማሽ አካባቢ ይገኛሉ። መግቢያው 500 የን ነው፤ የአልኮል መጠጥ ይዞ መግባት ግን ክልክል ነው። አንድ የዕረፍት ቀን ካለዎት ደግሞ በፈጣኑ ባቡር ወደ ሰሜን፣ ወደ ሰንዳይ ይሂዱ። አበባው ከደቡብ ወደ ሰሜን እየተጓዘ ስለሚፈነዳ፣ ቶኪዮ ላይ ያለፈዎትን እዚያ ሊቀድሙት ይችላሉ። ብቻ የዘንድሮውን ትንበያ ሳያዩ ቲኬት አይቁረጡ፤ ወቅቱ እየቀደመ መጥቷል፤ ከ1,200 ዓመት በላይ ወደኋላ የሚሄድ መዝገብ ባላት በኪዮቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2021 ሙሉ ፍካቱ የታየው ገና ማርች 26 ቀን ነበር።

ይህን ሁሉ ካልሁ በኋላ፣ እኔ ብጠየቅ ከሙሉ ፍካቱ ይልቅ የመርገፊያውን ቀን እመርጣለሁ። ጃፓኖች ነፋስ ሲነሣ እንደ በረዶ የሚዘንበውን አበባ «ሳኩራ ፉቡኪ»፣ ውኃ ላይ ተነጥፎ የሚንሳፈፈውን «ሃናይካዳ»፣ ማለትም የአበባ ታንኳ፣ ይሉታል። ለዚህኛው በንጉሠ ነገሥቱ ቤተ መንግሥት አጠገብ ያለው የቺዶሪጋፉቺ የውኃ ቦይ ይበልጥብኛል፤ ጀልባ ተከራይቶ በአበባው መካከል መቅዘፍም ይቻላል።

ግብዣው እንደሚፈሩት አይደለም። ጥንት በቤተ መንግሥት ሹማምንት ዘንድ የነበረው ልማድ ወደ ተራው ሕዝብ እንዲወርድ፣ ሾጉኑ፣ ማለትም የጦር ገዢው፣ ቶኩጋዋ ዮሺሙኔ በ18ኛው ክፍለ ዘመን በቶኪዮ አሱካያማ ላይ ዛፎችን አስተክሎ ነበር፤ ዛሬ በኡኤኖ መናፈሻ የሚሰማው ሳቅና ጫጫታ የዚያ ወራሽ ነው። በመሥሪያ ቤት ግብዣ ብዙ ጊዜ ከወጣት ሠራተኞች አንዱ ማልዶ ሄዶ ሰማያዊ ላስቲክ አንጥፎ ቦታ ይይዛል። ምንጣፉ ላይ ሲወጡ ጫማ ይወልቃልና ካልሲዎ ያልተቀደደ ይሁን! የራስዎን ብርጭቆ ራስዎ ከመሙላት የጎረቤትዎን ይሙሉ፤ እርሱም የእርስዎን ይሞላል። «ካንፓይ» ተብሎ ብርጭቆ እስኪነሣም አይቅመሱ። ለሁሉ የሚዳረስ ጣፋጭ ይዘው ቢሄዱ በቂ ነው፤ ለሽርሽሩ የሚሸጠው ሮዝ፣ ነጭና አረንጓዴ «ዳንጎ»፣ ማለትም የሩዝ ዱቄት ድብልብል፣ አያሳፍርዎትም። እንዲያውም «ከአበባው ዳንጎው» የሚል ተረት አላቸው፤ ዐይኑ ከዛፉ ይልቅ ምግቡ ላይ የሚያርፈውን ሰው የሚያሾፉበት ነው። ቅርንጫፍ መስበር ወይም አበባ እንዲረግፍ ዛፉን መነቅነቅ ነውር ነው፤ ሥሩንም አይርገጡ። ቆሻሻዎን ይዘው ይመለሱ። ምሽቱ በአበባ ወቅት እንኳ ይቀዘቅዛል፤ ለዚህ ብርድ «ሃናቢኤ» የሚል የራሱ ስም አውጥተውለታልና ካፖርት አይርሱ።

ጥያቄ፦ ይህ ሁሉ የቼሪ ዛፍ ካለ ፍሬው የት ይደርሳል?

መልስ፦ ሶሜይ ዮሺኖዎች ሁሉ የአንድ ዛፍ ቅጂ ስለሆኑ እርስ በርስ ፍሬ አይሰጣጡም፤ ከሌላ ዝርያ የአበባ ብናኝ ደርሷቸው ቢያፈሩም ፍሬው ትንሽና መራራ ነው። ከሳኩራ ከሚበሉት አንዱ በጨው የተዘፈዘፈው ቅጠል ነው፤ «ሳኩራ ሞቺ» የተባለው የሩዝ ጣፋጭ ይጠቀለልበታል።