ባትሪ ለሌለው የፓምፕ ሙቀት መለኪያ ወሳኙ ቀዝቃዛው ጎን ነው

ወንድሜ፣ ጥያቄህ ይህ ነው፦ በራሱ በሞተሩ ሙቀት የሚሠራ የሙቀት መለኪያ ፈልገህ፣ ጣና ዳር ባለው የመስኖ ፓምፕህ ሞተር ላይ ፔልቲየር (የሁለት ፊቶቹን የሙቀት ልዩነት ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይር ሰሌዳ) ከሂት ሲንክ (ሙቀትን ወደ አየር ከሚበትን ብረት) እና ከቢኪው25570 ቦርድ (ትንሽ ቮልቴጅን ከፍ አድርጎ ከሚያጠራቅም ሰርኪት) ጋር ገጥመሃል፤ ሞተሩ ቢግልም ቦርዱ አልነሳ አለህ። ፔልቲየሩ ደህና ነው።

ቲኢሲ1-12706 የሚባለው ፔልቲየር በአንድ ዲግሪ ልዩነት 0.05 ቮልት ገደማ ይሰጣል፤ ልዩነቱ የሚቆጠረው ግን በሞተሩና በአየሩ መካከል ሳይሆን በሁለቱ የሴራሚክ ፊቶች መካከል ነው። ሞተሩ 90፣ አየሩ 30 ቢሆን ከ60ው አብዛኛው ሂት ሲንኩ ላይ ይቀራል፤ ለፔልቲየሩ 11 ቢደርሰው ነው። ይህ ያለ ጭነት 0.55 ቮልት፣ ጭነት ሲገባበት ግማሹ። ቦርዱ ደግሞ ከባዶ ለመነሳት 0.6 ቮልት አካባቢ ይፈልጋል።

የሚፈስ ውሃ እያለህ በአየር ምን አደከመህ? ሂት ሲንኩን አውጣና 40 በ40 ሚሊሜትር የአሉሚኒየም የውሃ ብሎክ (ውሃ በውስጡ የሚያልፍበት ሳጥን) ግጠም፤ ከፓምፑ መውጫ ቱቦ በቀጭን ጎማ ቅርንጫፍ ስጠው። ልዩነቱ ከ40 ያልፋል፣ 2 ቮልት ታያለህ። ጣና ድፍርስ ነው፣ የእምቦጭ ሥርም ይገባል፤ የብሎኩ መተላለፊያ ጠባብ ስለሆነ ወንፊት ሳታደርግ አትልቀቀው።

ሙቁን ጎን ማርሚታ ወይም ቴስታታ ላይ እንዳታስር። የዚህ ፔልቲየር ሶልደር 138 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል። የዘይት ቤቱ ጎን ይሻላል፦ ፊቱን በብርጭቆ ወረቀት አስተካክል፣ ተርማል ፔስቱን በስሱ ቀባ፣ ንዝረቱ ሴራሚኩን እንዳይሰነጥቀው ቡሎኖቹን ከስፕሪንግ ጋር እሰር።

ገበያ ላይ ያሉት ቦርዶች ብዙዎቹ ለሶላር ተብለው ምንጩ ያለ ጭነት ከሚሰጠው ቮልቴጅ 80 በመቶ ላይ እንዲሠሩ የተስተካከሉ ናቸው። ለፔልቲየር 50 በመቶ ነው የሚያስፈልገው፤ ቪኦሲ ሳምፕ (VOC_SAMP) የሚባለውን የቺፑን እግር ከነበረበት አላቀህ ከግራውንድ ጋር አገናኘው።

መለኪያውን የሚልክልህ ራዲዮ ሎራ (በትንሽ ኃይል ሩቅ የሚልክ ዓይነት) ይሁን፤ ዋይፋይ ይቅርብህ። አንድ መልእክት በ40 ሚሊአምፔር፣ ለ60 ሚሊሰከንድ፣ 8 ሚሊጁል ይበላል። 1000 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ ማጠራቀሚያ) ከ5 ወደ 3.3 ቮልት ሲወርድ 7 ብቻ ይሰጣል። 0.1 ፋራድ ሱፐርካፓሲተር 700 ይሰጣል፤ ግን የሳንቲም ቅርጽ ያለው ዓይነት ውስጣዊ ሬዚስታንሱ ትልቅ ስለሆነ ሬዲዮው ሲልክ ቮልቴጁ ይወድቃል። 4700 ማይክሮፋራድ በፓራለል ጨምርበት።

ይህ ክምችት ቅንጦት አይደለም። ፓምፑ ውሃ ሳይስብ ደረቁን ሲዞር ብሎኩም ይግላል፣ ኃይሉ የሚጠፋው ልክ መልእክቱ በሚያስፈልግህ ሰዓት ነው። ስለዚህ ሁለት ቴርሚስተር (የሙቀት ዳሳሽ) ግጠም፣ አንዱ ሞተሩ ላይ፣ አንዱ ብሎኩ ላይ። የብሎኩ ሙቀት ቶሎ ከወጣ ችግሩ ውሃው ነው፤ የፓምፑ ሲል (ውሃ እንዳያፈስ የሚከላከለው ማሸጊያ) ሳይቃጠል ሞተሩን አጥፋው።

ቴርሚስተሮቹን በሚፈላ ውሃ ስትፈትሽ 94 ዲግሪ አካባቢ ቢያሳዩህ እንዳታስተካክላቸው፤ ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው እዚያው ላይ ነው።