ላፕቶፑን ፎርማት ከማስደረግሽ በፊት

ጠያቂያችን የ4ኛ ዓመት የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ተማሪ ናት፤ የሰርቨር አስተዳዳሪ መሆን ትፈልጋለች። ከዊንዶውስ 11 ጎን ኡቡንቱ የሚባለውን የሊኑክስ ዓይነት ልትጭን «መጀመሪያ ሴኪዩር ቡትን አጥፊ» ተብላ አጠፋችው፤ ሴኪዩር ቡት ማሽኑ ሲነሳ የታመነ ፊርማ የሌለውን ማስነሻ ፕሮግራም የሚያግድ ጥበቃ ነው። ኮምፒውተሩ ሲነሳ የቢትሎከርን፣ ማለትም የዊንዶውስን ዲስክ መቆለፊያ፣ ባለ 48 አሃዝ ቁልፍ ጠየቃት። ጥገና ቤት ብትወስደው «ፎርማት አድርገን በሌጋሲ (በድሮው የማስነሻ ዘዴ) እንጫንልሽ» አሏት። የመመረቂያ ጽሑፏ ያለው እዚያው ላፕቶፕ ውስጥ ነው። «ይህን ካልቻልኩ ሙያው የእኔ አይደለም ማለት ነው?» ትላለች።

እህቴ፣ ፎርማቱ ይቆይ። ሴኪዩር ቡትን ወደነበረበት መልሺው፤ አብዛኛውን ጊዜ ዊንዶውስ ቁልፍ ሳይጠይቅ ይነሳል። ቲፒኤም የሚባለው ቺፕ የዲስኩን ቁልፍ የሚለቀው የማሽኑ አነሳስ እንደቀድሞው ከሆነ ብቻ ነው፤ ሴኪዩር ቡት ሲጠፋ አነሳሱ ስለተለወጠ እምቢ አለ። አሁንም ከጠየቀሽ በስልክሽ ወደ ማይክሮሶፍት አካውንትሽ ግቢ፣ ቁልፉ ብዙ ጊዜ እዚያ ይገኛል። እንደተነሳልሽ ከሁሉ በፊት ጽሑፍሽን ወደ ሌላ ዲስክ ገልብጪ።

ለነገሩ ማጥፋትም አላስፈለገሽም ነበር። ኡቡንቱ ሺም የሚባል ትንሽ ማስነሻ ፕሮግራም አለው፤ ማይክሮሶፍት ስለፈረመበት ፈርምዌሩ (ማሽኑ ሲበራ ቀድሞ የሚሠራው ፕሮግራም) ያሳልፈዋል። ከዚያ ሺም ሊኑክስን የሚያስነሳውን የግራብን ፊርማ አረጋግጦ ያስነሳል፣ የከርነሉም (የሲስተሙ እምብርት) ፊርማ እንዲሁ ይታያል። ሌጋሲውም አያዋጣሽም፤ ዊንዶውስሽ በአዲሱ የማስነሻ ዘዴ በዩኢኤፍአይ፣ ጂፒቲ በሚባለው አከፋፈል በተከፈለ ዲስክ ላይ ስለተጫነ በሌጋሲ አይነሳም። ጥገና ቤቶቹን አልወቅስም፤ ደንበኛ ቆሞ እየጠበቀ ፎርማት ይቀላል። አንቺ የምትመኚው ሥራ ግን ፎርማት የማይደረግ ማሽን ላይ ነው። የባንክ ሰርቨር አልነሳም ሲል ማንም «አጥፍተን እንጫነው» አይልም።

ስለ ሙያው ደግሞ እውነቱን ልንገርሽ፤ «ሊኑክስ መጫን እችላለሁ» የሚል መስመር ሲቪ ላይ ብዙም አይመዝንም። ቃለ መጠይቅ ላይ «ማሽኑ ከተበራ አንስቶ ሎግኢን እስኪመጣ ምን ይሆናል?» ሲባል አሁን የደረሰብሽን ከነምክንያቱ ማስረዳት ግን ይመዝናል። ኤልፒክ-1 የሚባለው የሊኑክስ የሙያ ምስክር ወረቀት የመጀመሪያ ፈተናም ስለ ዩኢኤፍአይ ይጠይቃል። የሬድ ሃት የሊኑክስ አስተዳዳሪነት ፈተና በሆነው አርኤችሲኤስኤ ላይ ደግሞ ኪቦርድ ላይ ተቀምጠሽ ነው የምትፈተኚው፤ ማሽኑ እየተነሳ ሳለ አቋርጠሽ መግባት ከሚጠበቁብሽ አንዱ ነው።

ስለዚህ ለጊዜው ልምምዱ ቨርቹዋልቦክስ ላይ ይሁን፤ በኮምፒውተርሽ ውስጥ ምናባዊ ማሽን የሚፈጥር ፕሮግራም ነው። አዲስ ማሽን ስትፈጥሪ ኢኤፍአይ የሚለውን ምልክት አድርጊ፣ ኡቡንቱ ሰርቨር ጫኚ፣ ስናፕሾት (ኋላ የምትመለሺበት የማሽኑ ቅጂ) ያዢ። ቀጥሎ በፋት32 የፋይል ሥርዓት ከተሠራው የኢኤፍአይ ፓርቲሽን (የዲስክ ክፍል) ውስጥ የማስነሻ ፋይሎቹን ሆን ብለሽ አጥፊ፤ በመጫኛው አይኤስኦ ፋይል አስነስተሽ ግራብን መልሰሽ ጫኚ። አንዴ ሲሳካልሽ ሌላ ነገር አበላሺ፣ የሠራሽውንም በማስታወሻ ያዢ።

ዋናው ላፕቶፕ ከምረቃ በኋላ ይድረስ። ያኔም የቢትሎከሩን ቁልፍ ወረቀት ላይ ጽፈሽ፣ ባዶ ቦታውን ከዊንዶውስ ዲስክ ማኔጅመንት ቀንሰሽ፣ ሴኪዩር ቡትን ሳትነኪ ጀምሪ።