ያለ ጂም እግር ማጠንከር

ወንድሜ፣ ደሴ ውስጥ በአንዲት ጠባብ የኪራይ ክፍል፣ ለጂም ሳልከፍል እግሬን ማጠንከር እችላለሁ ወይ ላልከው፣ በደንብ ትችላለህ። ብረትም አያስፈልግህም። ዋናው ነገር በአንድ እግር መሥራት ነው፤ ክብደትህ አንዱ ላይ ሲያርፍ ምን ያህል እንደሚከብድ ታየዋለህ።

አንዱን እግርህን ወደኋላ አልጋው ጠርዝ ላይ አድርግ፣ የፊተኛውን ራቅ አድርገህ ርገጥና እስከ 3 እየቆጠርክ ቀስ ብለህ ውረድ፣ ተረከዝህ ከወለሉ እንዳይነሳ፣ ከዚያ ተነስ። በእያንዳንዱ እግር ከ8 እስከ 12 ጊዜ፣ 3 ዙር። ሲቀልልህ ጀሪካን ያዝ። ባለ 20 ሊትሩ ውሃ ሲሞላ 20 ኪሎ ገደማ ስለሚሆን መጀመሪያ ሩቡን ብቻ ሙላው፣ ክዳኑንም አጥብቀው።

ለኋላ ጭን በጀርባህ ተኝተህ ተረከዝህን ወንበር ላይ አድርግና ዳሌህን አንሳ። ለባት የበሩ ደፍ ላይ በእግርህ ጣቶች ቆመህ ተረከዝህን ከፍ ዝቅ ማድረግ ይበቃል።

ጦሳ ተራራ ሥር እየኖርክ ደግሞ ዳገቱን አትርሳው፣ እንዲህ ያለ ነገር በነፃ የት ይገኛል! ስትወርድ ግን አትሩጥ፣ ቁልቁለት ጉልበት ላይ ይከብዳል።

በሳምንት 2 ቀን ከሠራህ ይበቃል። ሽሮና ምስሩንም ጠገብ ብለህ ብላ፣ ጡንቻ ያለ ምግብ አይመጣም። ጉልበትህን ውጋት ከተሰማህ አቁም፣ በግድ አትግፋው።